የቅልጥም ባሕር

ሐኪም ሉዎ ሞቶ የተገኘው በራሱ ማከሚያ ክፍል፣ ሕመምተኞቹን በሚያስተኛበት አልጋ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ራሱን ሸፍኖ የማያውቀው ሰው ጥቁር የሐር ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ከራስጌው ግማሹ የተጠጣ መድኃኒት ተቀምጧል፤ ከጽዋው እንደ ዝባድ የሚከብድ የምስክ ሽታ ይወጣል።

የወረዳው መርማሪ ዣን ከጀልባ ወርዶ እዚያ እስኪደርስ ጉልበቱ አሠቃይቶታል። ጡረታ እንዲሰጠው ገዢውን ደጋግሞ ለምኗል፤ ገዢውም ሁልጊዜ «ይህችን ብቻ ጨርስልኝና» ይለዋል። በሊንሹይ ከተማ ግን ሰው እርስ በርሱ መጠፋፋቱን አልተወም።

«ብዙ አይድከሙ፣ ጌታዬ» አለ በሩ ላይ የጠበቀው ሐኪም ፋንግ። ፋንግ የከተማዋ ሐኪሞች ማኅበር አለቃ ነው፤ ሲናገር ጢሙን እያሻሸ ነው። «ገዳዩ ታስሯል። ደቀ መዝሙሩ ቼ ሚን ነው። መርዙን ሲግተው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«መርዝ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ምስክ ነዋ! ለተኛ ሰው ምስክ ይሰጣል? ልቡን ነው ያፈነዳው።»

ዣን ጎንበስ ብሎ ቆቡን አነሣ። ከቀኝ ጆሮው በላይ ፀጉሩ ተበጥሮ እንዲሸፍን ተደርጓል። ሲገልጠው ክፉ እብጠት አገኘ። ደሙ ታጥቧል፤ በቁስሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ተነስንሷል። ከዚያ የሟቹን ዐይኖች ገለጠ። የግራው ብሌን ጠባብ ነው፤ የቀኙ ግን እንደ ጉድጓድ ሰፍቶ ቀርቷል።

«ይህን አላዩትም?»

«ሲሞት ወድቆ ይሆናላ» አለ ፋንግ።

«ሲሞት የወደቀ ሰው ተነሥቶ ፀጉሩን አያበጥርም» አለና ዣን ቆቡን መልሶ ደፋለት።

ቼ ሚን እጁ ታስሮ በመድኃኒት ማከማቻው ውስጥ ተቀምጧል። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። አልቅሶ ጨርሶ ዐይኑ ደርቋል።

«ምን አጠጣሃቸው?» አለው ዣን፣ በጆንያ ላይ እየተቀመጠ።

«ምስክ፣ በዝንጅብልና በባሮ ሽንኩርት የፈላ። በጭንቅላት ውስጥ የረጋ ደም ይበትናል ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሲያንኮራፉ ሰማሁ። መምህሬ ደግሞ አያንኮራፉም። ብቀሰቅሳቸው፣ ብቀሰቅሳቸው እምቢ አሉኝ። ያኔ ጀልባ ቀዛፊው ትዝ አለኝና ምስኩን ላፈላ ሮጥኩ።»

«የምን ጀልባ ቀዛፊ?»

«እዚህ ያመጡት አንድ ሰው ነበር፣ ጌታዬ። የሸራው ምሰሶ ወድቆ ጭንቅላቱን መታው። እሱ ግን ተነሥቶ ሳቀ፤ ሩዙን በላ፤ ባልንጀሮቹን ሲሰድባቸው ዋለ። ከዚያ እንቅልፍ ያዘው፣ አንኮራፋ፣ ሞተ። መምህሬ ምን አሉኝ መሰለህ... ይቅርታ፣ መሰለዎ፣ "ደሙ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ እንስራው እስኪሞላ ሰውየው ደኅና ይመስላል" አሉኝ።»

ዣን ጉልበቱን ማሻሸት አቆመ።

«ጠዋት እንዴት ነበሩ?»

«ደኅና ነበሩ። ብቻ በመጀመሪያዋ በሽተኛ ፊት የሻይ ሲኒው ከግራ እጃቸው ወደቀ። ደግሞ ዝንጅብል ለማለት "ድልድይ" አሉ። ሴትዮዋ "ሐኪሙ ዛሬ ሰክረዋል እንዴ?" ብላ ሳቀች፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።»

«ስትገባ ቆቡን አድርገው ነበር?»

«አድርገው ነበር። እኔና በሽተኛዋ እኩል ነው የገባነው። የግቢውን በር የከፈቱልን እኅታቸው እትዬ ሹ ናቸው።»

«ከመተኛታቸው በፊት ያሉህ ነገር አለ?»

ቼ ሚን አመነታ። «"ማንም ቢጠይቅህ ደጃፉ ላይ አዳልጦት ወደቀ በል" አሉኝ። "የት ተጎዱ?" ብላቸው "የትም፤ ትንሽ ልረፍ" አሉኝ። ቆቡን ባወልቀው ኖሮ...»

የሟቹ እኅት እትዬ ሹ በጓሮው የሎተስ ፍሬ ትፈለፍል ነበር። አጠገቧ ያለው የድንጋይ ወለል ከሌላው ይልቅ ነጥቷል፤ ሰው በርትቶ የፈተገው ይመስላል።

«ወንድሜን ልቅበር፤ ተዉኝ» አለች ቀና ሳትል።

«እቀብራቸዋለሁ ካሉ ልጃቸው ይኑር እንጂ። ፔይ የት ሄደ?»

«አባቱ በማለዳ ልኮት ወደ ላይኛው ወደብ ሄዷል። ቲያንማ ሊገዛ።»

«ለራስ ማዞር የሚሰጠውን ሥር?»

«እሱኑ።»

ዣን ወደ ማከሚያው ተመልሶ የመድኃኒት መሳቢያዎቹን እየተንጠራራ አየ። የቲያንማው መሳቢያ እስከ አፉ ሞልቶ ለመከፈት አስቸገረው። አንዱን ሥር ይዞ ወጣና ዝም ብሎ በአሮጊቷ ፊት አስቀመጠላት። እትዬ ሹ ሥሩን አየችው። ፍሬ መፈልፈሏን ግን አላቋረጠችም።

ፋንግ ከሟቹ ጋር በዚያው ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ ተጣልቶ እንደነበር ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ዣን ስለዚህ ሲጠይቀው ሐኪሙ አልካደም።

«ተጣልተናል። ዕድሜ ልካችንን ተጣልተናል! አባቶቻችን ልብ ንጉሥ ነው አሉ፤ ማሰቡም ማስታወሱም የልብ ነው። አንጎል የቅልጥም ባሕር ነው፤ ኩላሊት ያመነጨው ቅልጥም በአከርካሪ ወጥቶ የሚጠራቀምበት ጎተራ። እሱ ግን ጎተራውን ንጉሥ አደረገው። "ደረቱን የተመታ ሰው ስሙን አይረሳም፤ ጭንቅላቱን የተመታ ግን ይረሳል፤ ለምን?" እያለ ሕዝብ ፊት ያዋርደኝ ነበር።»

«መልሱ ምን ነበር?»

«ለእንዲህ ዓይነቱ ብልግና መልስ አይሰጥም!»

«ሉዎ ግን ይህን ከየት አመጣው? ቀዛፊ ከማየት ብቻ ነው?»

የፋንግ እጅ ከጢሙ ወረደ። «ሚስቱ... በመጨረሻ ልጇን እንኳ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። የልቧን መድኃኒት እኔ ራሴ ሰጥቻታለሁ፤ አልረዳትም። ስትሞት የሬሳ ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ሉዎ ብቻውን ከሷ ጋር ቆየ። ጭንቅላቷን ከፈተው፣ ጌታዬ። አንጎሏ እንደ ከረመ ለውዝ ተኮማትሮ አገኘሁት ብሎ በስካር ነገረኝ። እያለቀሰ።»

«እርስዎስ ለማን ነገሩ?»

ፋንግ ሊወጣ ወደ በሩ ዞረ።

«ፔይ ትናንት ማታ የት ራቱን በላ?»

«እኔ ቤት» አለ ፋንግ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በማግስቱ ፔይ የቲያንማ ጥቅል ተሸክሞ ተመለሰና አባቱ መሞቱን ከደጅ ሰማ። ዣን ሁሉንም በማከሚያው ክፍል ሰበሰባቸው። የገዢው ጸሐፊ ብሩሹን ነክሮ ጥግ ተቀመጠ። ቼ ሚን እንደታሰረ ነው። እትዬ ሹ ከወንድሟ ልጅ ጎን ቆማ እጅጌውን ይዛለች። ዣን ቆሞ መናገር ስላቃተው የሟቹን ወንበር ሳበ።

«ደክሞኛልና አላስረዝመውም» አለ። «ቼ ሚን መርዝ አልሰጠም። ሰውየው የሞተው በጭንቅላቱ ቁስል ነው። ሐኪም ፋንግ፣ ጽዋውን አይተው ቁስሉን ያላዩት፣ ነገር ሁሉ ከልብ ይነሣል ብለው ስለሚያምኑ ነው።»

«ታዲያ ተመትቶ ከሞተ፣ አጠገቡ የነበረው ይሄው አይደለም ወይ?» አለ ፋንግ።

«ሁላችንንም ያሳተን ይህ ሐሳብ ነው። የተመታው ሲሞት አይደለም። ቁስሉ ታጥቧል፣ መድኃኒት ተነስንሶበታል፣ ቆብ ተደፍቶበታል። ጠዋት ሲኒው ከግራ እጁ ወደቀ፤ ቃል ተምታታበት። በቀኝ ራሱ የተመታ ሰው ግራ ጎኑ ይዝላል። እውነት ነው፣ ቼ ሚን?»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። መምህሬ "ትእዛዙ ከአንጎል ተሻግሮ ነው የሚወርደው" ይሉ ነበር።»

«እንግዲህ በሽተኞች ሲገቡ እንስራው መሞላት ጀምሯል። ቆቡም ከራሱ ላይ ነበር። ስለዚህ የተመታው የግቢው በር ሳይከፈት ነው። ቼ ሚን ያኔ ውጭ ነበር። ሐኪም ፋንግም ውጭ ነበሩ።»

በግቢው ውስጥ ማን እንደነበር መናገር አላስፈለገም።

«ሉዎ የደረሰበትን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር» አለ ዣን። «ቀዛፊውን አይቷል። ጥቂት ጊዜ እንደቀረው ገብቶታል። ያቺን ጥቂት ጊዜ በምን አሳለፋት? መሳቢያው ሞልቶ ሳለ ቲያንማ እንዲገዛ አንድ ሰው ወደ ሩቅ ወደብ ላከ። እንስራው ሲሞላ ያ ሰው ከከተማዋ ርቆ እንዲገኝ። ከዚያ ቆቡን ደፍቶ በሽተኞቹን አከመ፤ ብዙ ሰው ደኅና ሆኖ እንዲያየው። ከእጁ ያመለጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቼ ሚን መድኃኒት ይዞ እንደሚገኝ አላሰበም።»

እትዬ ሹ ተንበረከከች። «ወድቄ ነው ብሏል! ራሱ ብሏል! ምነው ጌታዬ፣ የሟች ቃል አይከበርም? እዚህ ላይ ያቁሙት።»

ዣን ጸሐፊውን አየ። ብሩሹ ከወረቀቱ በላይ ቆሟል። ልጅ በአባቱ ላይ እጁን ካነሣ ሕጉ ቁጣ ነው፣ ስሕተት ነው አይልም፤ ያለው አንድ ቅጣት ነው፤ ሞት። ይህንን ሁሉም ያውቃል።

«ቼ ሚን ነፃ ነው» አለ ዣን ቀስ ብሎ። «የተላክሁት ለዚያ ነው። ሉዎ ወድቄ ነው ማለቱ ተመስክሯል። ሌላ የሚናገር ከሌለ...»

«ይቁም» አለ ፋንግ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ... እኔም ደጃፉ ሲያዳልጥ አውቃለሁ።»

ፔይ ጥቅሉን ከትከሻው አወረደ።

«በነሐስ ዘነዘናው ነው የመታሁት» አለ።

«ፔይ! ዝም በል!» ጮኸች አክስቱ።

«እናቴን ምን አደረግሃት አልኩት። "ልጄ፣ አንተን ለምን እንደረሳችህ ለማየት ብዬ ነው" አለኝ። መታሁት። ተነሥቶ ደሙን በእጁ አየው። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ብርድ ነው ብሎ የራሱን ካፖርት አለበሰኝ። "አትቸኩል" ብሎ ሸኘኝ።» ወደ አክስቱ ዞረ። «የዳነ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ጀልባው ላይ ዘፈንኩ እኮ፣ አክስቴ!»

የጸሐፊው ብሩሽ ወረደ። የተጻፈ ቃል አይመለስም።

ዣን ምሕረት ለመነ። ሟቹ ራሱ ይቅር ማለቱን፣ ፋንግ ነገሩን መቆስቆሱን፣ ልጁ ሳይገደድ ማመኑን ዘርዝሮ ለዋናው ከተማ ጻፈ። ክረምቱ ሳይገባ «ሕጉ ይፈጸም» የሚል መልስ መጣ። ፋንግ የማኅበሩን አለቅነት ለቀቀ፤ ማንም ግን ልቀቅ አላለውም፣ ማንም አልወቀሰውም።

ፔይን በጀልባ በሚወስዱበት ማለዳ ቼ ሚን ወደቡ ላይ ጠበቀው። ዣንም መጥቶ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለው ፔይ። «በኔ ምክንያት ታሰርህ።»

«ተወው እሱን። በልተሃል?»

«አንድ ነገር ልለምንህ። ሲያበቃ... አንተ ክፈተው። ጭንቅላቴን። አባቴ የናቴን አይቶ የተማረው ነገር ነበር። በኔም ተማርበት።»

«ይህንን አትጠይቀኝ።»

«ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝማ።»

ቼ ሚን ከወታደሮቹ ጋር ተነጋግሮ ጀልባው ላይ ወጣ። እትዬ ሹ የከተማውን ዓይን ሳታፍር እየጮኸች በባሕሩ ዳር ሮጠች፤ እስክትወድቅ።

የተመለሰው ብቻውን ነበር። የሉዎን ማከሚያ መልሶ ከፈተ፤ እትዬ ሹንም ከዚያው ቤት አላስወጣትም። ዣን ጡረታው ተፈቅዶለት ዕቃውን በሚያስርበት ሰሞን ለጉልበቱ ቅባት ሊገዛ ወደ እሱ ጎራ አለ። ቼ ሚን ቅባቱን እያሸገ ሳለ ሽማግሌው ሳይፈልግ ጠየቀው።

«ከፈትኸው?»

«ከፈትኩት።»

«ምን አገኘህ?»

ቼ ሚን ማሸጊያውን በክር ጠበቅ አድርጎ አሰረና ሰጠው።

«እንደ ማንኛውም ሰው አንጎል ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ንጹሕ፣ ሙሉ። የማንኛውንም ሰው ይመስላል። በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ብርድ አያስነኩት።»