እትዬ ዘነቡ ያላዩት ጫማ

ደብሪቱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው ጫማ ቤቷ ወለል ላይ ሞታ ተደፍታ ተገኘች። የተመታችበት መዶሻ አብሯት የሚሠራው የጫማ ሰሪው የሲራጅ ነው። ለፖሊስ ጣቢያው ይኸው በቃው። ሲራጅ ታሰረ፤ በማግስቱ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤቶቹ ልጆቹን «የገዳይ ልጆች» ብለው ከበር መለሷቸው። አይ ሰው! ትናንት ጫማቸውን በነጻ ሲሰፋላቸው የነበረውን ሰው ልጆች!

ኢንስፔክተር ናዝራዊት መዝገቡን ስታነብ ደሟ ፈላ። ከሲራጅ በፊት ማን ሱቁ ውስጥ ነበር ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

እሷ ስታጣራ የሟች ወንድም እሸቴ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ከእህቱ ጋር ሱቁን ከፍቶ፣ ደህና ትቷት እንደወጣ ነገራት። ምኒልክ አደባባይ ካፌ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ በሱቁ የቴሌግራም ቻናል የአዲስ ጫማ ማስታወቂያ ወጣ፤ ጓደኞቹም ይመሰክራሉ።

«ማስታወቂያ የምታወጣው እሷ ናት» አለ። «ስለዚህ ያኔ በሕይወት ነበረች። ከዚያ በኋላ የገባው ሲራጅ ነው።»

ዐይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው። ስለ ቀብሯ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሱቁ ስልክ መቼ እንደሚመለስለት ጠየቀ።

የሱቁ ሻጭ ረይሀና ግን እያለቀሰች ሁሉን አስረዳች። አብዛኛው የፒያሳ ሰው ቤቱ ፈርሶ ወደየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ሱቁን ያኖረው ያ ቻናል ነው። ደብሪቱ ምን እንደሚወጣ ቀድማ ታቅዳለች፤ ፎቶው በቁመት የተነሣ፣ ዳታ የማይበላ፣ ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ ከላይ፣ ጽሑፉ አጭር። ይህም አይበቃትም። ከመውጣቱ በፊት ለአንድ የቆየች ደንበኛዋ፣ ለእትዬ ዘነቡ ትልከዋለች። ስልካቸው አሮጌና የተሰነጠቀ ስለሆነ እሳቸው ጋ የተከፈተ የትም ይከፈታል። እሳቸው «አየሁት» ሳይሉ የወጣ ነገር የለም።

ናዝራዊት ይህን ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቀቻት። ከሟች ሌላ ረይሀናና ሲራጅ ብቻ ነበሩ።

«እሸቴስ?»

«እሱ ሥራችንን ጠይቆን ያውቃል?» አለች ረይሀና።

ናዝራዊት ዶሮ ማነቂያ ወርዳ የእትዬ ዘነቡን ስልክ አየች። የዚያን ዕለቱ ማስታወቂያ አልተላከላቸውም። ቻናሉ ላይ ስትነካው የመጫኛው ክብ ይዞር ጀመር፤ ቢጠብቁት ይዞራል። በመከራ ሲከፈት የጫማው ፎቶ በአግድም የተነሣ፣ ጽሑፉ ጉንዳን የሚያህል ነው። አሮጊቷ ተቆጡ።

«ይሄ የደብሪቱ አይደለም። እሷ ዐይኔን አታሠቃየውም።»

በማግስቱ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሲራጅ እጁ በካቴና ታስሮ ካሰረው ሳጅን አጠገብ ቆመ።

«ቴሌግራም ሰዓት ከተሞላለት ሰው በሌለበትም ያወጣል» ስትል ጀመረች ናዝራዊት። «ስለዚህ ማስታወቂያው ሲወጣ ደብሪቱ በሕይወት ነበረች ማለት አይቻልም።»

«ራሷ ሞልታው ይሆናላ» አለ እሸቴ።

«እሷ ብትሆን እትዬ ዘነቡ ቀድመው ያዩት ነበር። ሲራጅና ረይሀናም ልማዱን ያውቃሉ፤ የእሷን ሥራ ሊያስመስሉ ቢፈልጉ ይህን አይዘሉም። የሱቁ ስልክ ደግሞ መቆለፊያ የለውም፤ ጠዋት ከእሷ ጋር የነበረ ሁሉ ሊነካው ይችላል። ማስታወቂያው ጥርጣሬውን ሁሉ ሲራጅ ላይ ጣለው። የጠቀመው አንድ ሰው ነው፤ ካፌ ተቀምጦ ምስክር ሲሰበስብ የነበረው።»

እሸቴ ፊቱ ቀላ። እትዬ ዘነቡን ከእግር እስከ ራሳቸው በንቀት አያቸው።

«ያን ሁሉ ደንበኛ በአንዲት አሮጊት ስልክ ትለካለች ብዬ በምን ልጠርጥር?»

አፉን ሲይዝ ጊዜው አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረውን ራሱ አወጣው። ቻናሉን ከነደንበኛው ለሌላ ነጋዴ ሊያስረክብ ቃል ገብቶ ነበር። እህቱ «ደንበኞቼ ከብት ናቸው እንዴ የምትነዳቸው?» ብላ ስትቆጣው አጠገቡ የነበረውን መዶሻ አነሣ።

ሳጅኑ ካቴናውን ከሲራጅ ፈቶ ለእሸቴ አጠለቀና አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሲራጅ ካቴናው የወለቀለትን እጁን እያሻሸ መለሰለት።

«ለእኔ አትበለኝ። ዶሮ ማነቂያ ሄደህ ልጆቼን ከበር የመለሱት ሰዎች ፊት በለው። ጮክ ብለህ።»

ሳጅኑ ወደ ናዝራዊት ዞረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ቅደም።»