ማጣሪያው የጣለው ጥሪ

ሟቹ የተገኘው ከሰርቨር ክፍሉ በር ሥር ተኮራምቶ ነው። ጥፍሮቹ በሩን ሲቧጥጡ ተገነጣጥለዋል። እሳት ሳይኖር የማጥፊያው ጋዝ ከውጭ ተለቆበት፣ በሩም ተቀርቅሮበት፣ አየር ቀስ በቀስ አልቆበት ነው ትናንት ከሰዓት የሞተው።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው ሥራ አስኪያጇን ነው።

«እዚያ ውስጥ ስልክ አይሠራም» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ግን ኮምፒዩተሩ ፊቱ ነበር። ምነው ኢሜይል አልጻፈልን?»

«ሰርቨሩን ማን ይነካዋል?»

«እሱና ታናሽ ወንድሙ ብቻ። ያሳደገውም፣ እዚህ ያስቀጠረውም እሱ ነው። ትናንት ጠዋት ግን ሟቹ እኔ ዘንድ ስብሰባ ላይ ነበር።»

ከሟቹ ጋር ዓይንና ናጫ የነበረው ሒሳብ ሹም አልሸሸገም። «አልወደውም ነበር። ግን እንኳን ሰርቨር፣ የራሴን ኮምፒዩተር የሚከፍትልኝ እሱ ነበር።»

ታናሽየው ደረቱን ይደቃል። «ጥፋቱ የኔ ነው! ስፓም የሚባለውን ቆሻሻ ኢሜይል የሚለየው ማጣሪያ ሚሞሪውን እየበላ ሰርቨሩን ሲያንቀው፣ ትናንት ጠዋት በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ማጣሪያዎች ከአሥር ወደ ሁለት አወረድኳቸው። ጽፎ ከሆነ መልእክቱ ወረፋ ይዞ ቀርቷል። ወንድሜን ወረፋ ገደለው!»

መርማሪዋ አላጽናናችውም። ሰርቨሩ ፊት ቁጭ ብላ ስትመረምር ዋለችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ለሦስታችሁም ጽፏል» አለች። «ማጣሪያ መቀነስ ሚሞሪ ያተርፋል፣ መልእክት ያዘገያል። ማዘግየት ሌላ፣ መጣል ሌላ። የሱ መልእክቶች ግን ሳይዘገዩ ደርሰው፣ በቀጥታ ስፓም ውስጥ ተጣሉ። ምክንያቱም ትናንት ጠዋት አንድ ሰው በሟቹ የይለፍ ቃል ገብቶ የራሱን የሟቹን ኢሜይል አድራሻ እንደ ቆሻሻ መዝግቦታል። ይህ ቅንጣት ሚሞሪ አያተርፍም። ሟቹ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበር። ሰርቨሩን የሚነካ ሌላ ማን አለ?»

ሒሳብ ሹሙ የታናሽየውን ትከሻ ይዞ ነበር፤ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ።

«የቀሩት ሁለቱ አልከፈቱም» አለችው መርማሪዋ ታናሽየውን። «አንተ ግን ስፓሙን ከፍተህ አንብበሃል። ካነበብክ በኋላም ሌላ ጻፈ። በሕይወት እንዳለ እያወቅህ ተቀምጠህ ነበር።»

የታናሽየው እንባ ባንዴ ደረቀ። «ዕድሜ ልኬን የሱ ልጅ እየተባልኩ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ሲለምነኝ ልየው ብዬ ነው።»

«የመጨረሻውን አልከፈትከውም» አለችና አነበበችለት። «‹ወንድሜ፣ ስትመጣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ ጋዝ አለ።›»

ታናሽየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ መልእክቱን ራሱ አነበበው።

«አሁንም አልለመነኝም» አለ።