ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትቀበለው

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው። ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚሉኝ «እንቅልፍ ወስዶሽ ይሆናል» ነው።

አልወሰደኝም። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ቢወስደኝ የምሰፋው ጣቴን ነው። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔና ታላቅ እህቴ ነን። እታለም ነው የምላት። እናታችን ከሞተች ዓመት አልፏል፤ ሌላ ዘመድ የለንም።

እኛ ካቶሊኮች ነን። በቤታችን መቁጠሪያ ሳይጸለይ የዋለበት ቀን የለም። ለማታውቁት ላስረዳ... አንድ ሰው ይመራል። «ሰላም ላንቺ ይሁን ማርያም» ብሎ ይጀምርና የጸሎቱን ግማሽ ብሎ ያቆማል። የቀሩት ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይቀበላሉ። ሃምሳ ጊዜ እንዲሁ ነው።

እማዬ ትመራ ነበር፣ እኛ እንቀበል ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ነው። አፌ ከመልመዱ የተነሳ ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ አንዳንዴም በሆዴ ደንበኛ እየሰደብኩ እቀበል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ እታለም ታመመች።

የሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣትና «ትኩሳቱ በዚህ ሳምንት ካልወረደ ግን...» ብሎ ዝም አለ። የቀረውን እኔ በልቤ ጨረስኩት። እሷ ከሞተች በዚህ ዓለም ላይ ስሜን አቆላምጦ የሚጠራኝ አንድ ሰው አይቀርም።

ከእማዬ በኋላ እታለም ትመራ ነበር፤ አሁን መምራቱ ለእኔ ደረሰ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ግማሹን እላለሁ፣ እቆማለሁ። እሷ ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እስክትጨርስ ጠብቄ እቀጥላለሁ።

ሰኞ ዕለት ቴርሞሜትሩን ከምላሷ ሥር አስገባሁና «እንዳትናገሪ፣ በልብሽ ተቀበይ» አልኳት። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ።

ግማሹን አልኩ። ቆምኩ።

«ቅድስት ማርያም ሆይ... ለምኚልን...»

ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ነው። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ተቀበለኝ።

ድምፅዋ ተመለሰላት ብዬ ደስ አለኝ። አምስት ስድስት ጊዜ ተቀባበልን። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ...

ቴርሞሜትሩ።

ዓይኔን ገለጥኩ። እታለም አፏን ገጥማ ቴርሞሜትሩን እንደያዘች ናት። የምታየው እኔን አይደለም። ከአልጋው ማዶ ግድግዳው ጋ የቆመውን ቁም ሣጥን ነው።

«ሰማሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች።

ክው አልኩ። ግን ቴርሞሜትሩን ሳወጣው ጠዋት ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል የነበረው ሠላሳ ስምንት ሆኗል።

በዚያ ጭንቀቴ ያገኘሁትን ሁሉ አምን ነበር። እማዬ ናት አልኩ። ልጇን ልታስታምም መጥታ ነው። እንባዬን እየጠረግኩ ሃምሳውን ጨረስኩ።

ማክሰኞ ሠላሳ ሰባት።

ረቡዕ ሠላሳ ስድስት ተኩል። ሳሉ ጠፋ። ሾርባ ጠጣች። ሐኪሙ በስልክ «በጣም ጥሩ» ሲለኝ እያንጎራጎርኩ ስሰፋ ዋልኩ።

ሐሙስ ሠላሳ አምስት።

«መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለኝ ሐኪሙ በስልክ። ሌላ ገዛሁ። እሱም ሠላሳ አምስት አለ።

አርብ... ሠላሳ ሦስት።

«አይበርድሽም?» አልኳት።

«አይ። ምንም አይሰማኝም።»

እጇን ያዝኩት። ፀሐይ ላይ የዋለ እጅ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀዝቅዟል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድምፁ ሰኞ ዕለት ከቁም ሣጥኑ በኩል ነበር የመጣው። ረቡዕ ከአልጋው ግርጌ። አርብ ትራሷ ጋ ደርሷል። ያቺ ሴት ለመቀበል ስትዘጋጅ አየር ስትስብ ይሰማኛል።

«እታለም... እማዬ ናት አይደል?»

ዓይኗን ወደ ትራሷ ጎን መለሰች።

«እማዬ መቼ ተቀብላ ታውቃለች?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እማዬ ብትሆን ትመራ ነበር።»

«ታዲያ ማናት?»

«እኔ እንጃ። ግን አንቺ ለእኔ ብለሽ ስትቆሚ ነው የምትገባው። የኔን ተራ ነው የወሰደችው።»

ድምፁ በበረታ ቁጥር እሷ ስትቀዘቅዝ፣ ይሄው ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ ቦታ እየለቀቅኩ ኖሯል። ተነስቼ ለቁምስናችን ካህን ደወልኩ።

«አባ... ጸሎታችንን ሌላ ሰው እየተቀበለን ነው።»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ነገ የሕሙማኑን ቅባት ይዤ ከዘጠኝ በፊት እደርሳለሁ» አሉኝ። «እስከዚያ አትምሪ። ልጄ፣ ሰምተሽኛል? አንዲት ቃል እንዳትጀምሪ።»

ቅዳሜ ስምንት ተኩል ሆነ። አባ የሉም። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ደወሉ። «መንገድ ተዘግቶብኛል፣ በእግሬ እየመጣሁ ነው» አሉ። ያለከልካሉ።

ዘጠኝ ሰዓት።

መቁጠሪያውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እታለምን እጇን ይዤ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።

የጎረቤት ሬዲዮ ጠፋ።

«ሰላም ላንቺ ይሁን ማርያም...»

ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው። መራች። ያንን ዝግ ያለ ድምፅ ትታዋለች።

በእኔ ድምፅ ነው የመራችው።

ግማሹን አለች። ቆመች። ጠበቀች።

የእታለም ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አትቀበይ» አልኳት። «እታለም፣ በሞቴ፣ አትቀበይ።»

«አፌ እምቢ አለኝ...»

አፏን በመዳፌ ያዝኩት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። መዳፌ ላይ የሚሰማኝ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ነው፤ አየር እየሳበች ነው፣ ልትቀበል ነው። ተቀብላ ከጨረሰች እንደማትነሳ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ።

እኔ ጀግና አይደለሁም። አይጥ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሴት ነኝ። ግን እህቴ ናት።

የእታለምን ተራ እኔ ወሰድኩት።

ጮክ ብዬ ተቀበልኩ። ከጀርባዬ መራች። ተቀበልኩ። አልዞርኩም። ሃያኛው ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ። አርባኛው ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሃምሳኛውን ስጨርስ ጆሮዬ ሥር አንድ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ሸክሙን ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነበር።

እታለም ሳለች።

አቤት ስወደው ያንን ሳል። አቅፌያት ተንሰቀሰቅኩ። አባ ላብ በላብ ሆነው ሲገቡ እንደተቃቀፍን አገኙን። ቀቧት። ሠላሳ ሰባት።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አሉኝ እኔን ትኩር ብለው እያዩ።

«ደህና ነኝ አባ።»

ይህ ከሆነ ሦስት ወር ሆነው። እታለም ድናለች። ወጡ ጨው አንሶታል ትላለች፣ ስፌቴን ታበሻቅጣለች፣ እንደ ድሮዋ ነች። ተመስገን።

ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በፊት መቁጠሪያ ይጸለይ ነበር። ሕዝቡ ሲቀበል እኔም አብሬ እቀበላለሁ። እታለም በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«ምነው እንደ ዓሣ አፍሽን ብቻ ትከፍቻለሽ?» አለች በሹክሹክታ። «ድምፅሽ የት ሄደ?»

ጉሮሮዬ እስኪያመኝ እየጮኽኩ ነበር።

ከእሷ ጋር ሳወራ፣ ደንበኛ ስጨቃጨቅ ድምፄ ደህና ነው። ስቀበል ብቻ ነው ማንም የማይሰማኝ... እዚህ ማንም።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስፌት ማሽኔ ላይ ነበርኩ። አንዲት ሴት ስትመራ ሰማሁ። የማላውቃት ሴት ናት። ቀና አልኩ።

የእኛ ግድግዳ አልነበረም። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ክፍል ነው። አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝቷል። ሚስቱ መሰለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና አጠገቡ ተቀምጣለች። ግማሹን አለች።

ቆመች።

አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ያዝኩ። በሙሉ ኃይሌ። ድምፄ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ተቀበለ።

የሴትየዋ ፊት በደስታ በራ።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።