አሥራ ሁለተኛው ጥንድ ጫማ

ከሥራ የተባረርኩት ጋኔን አለበት ተብዬ ነው። ያባረረኝ ጋሽ ተሾመ ነው፣ ቫኑን የምነዳለት ሰውዬ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነው፣ ማባረሩ አልበቃው ብሎ እሑድ ዕለት በሚስቴና በጉባኤው ሁሉ ፊት እጁን አናቴ ላይ ጭኖ “ውጣ! ልቀቀው!” እያለ ጮኸብኝ። እኔ ያለብኝ ጨጓራ ብቻ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም።

እመነኝ ወዳጄ፣ በዚህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። ልጅ ሆኜ እገሌን ቡዳ በላው፣ እገሊትን ዛር ያዛት ሲባል ስቄ ነበር የማልፈው። ቤተ ክርስቲያኑንም የምሄደው ለሚስቴ ለሙሉ ብዬ ነው፣ ዲቪ የደረሳት እሷ ናት፣ አትላንታ ያመጣችኝ እሷ ናት፣ እሑድ እሑድ ጎኗ መቀመጥ አይከብደኝም፣ ሰው መድረክ ላይ እየጮኸ ሲወድቅ ግን እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ፣ ቀጥሎ የምለውን ስትሰማ “ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ የሚወድ ሰው ነው” እንዳትለኝ ነው።

ሚስ ኬይኮ የሚባሉ ጃፓናዊት አሉ፣ ሰባን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕንፃ ጥበብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። በወር አንድ ቅዳሜ አሥር ጡረተኞች ይዘው፣ በዘመናችን ያሉ የጃፓን አርክቴክቶች የሠሯቸውን ቤቶች እየዞሩ ያሳያሉ፣ የሚያመላልሳቸው የጋሽ ተሾመ ቫን ነው፣ ሹፌሩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያደረስኳቸው ሳንዲ ስፕሪንግስ ወዳለች አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ እያለሁ ስንት ዓመት አርማታ የተሸከምኩ ሰው ነኝ፣ ገባ ብዬ ሳይ ግድግዳው አልተለሰነ፣ ቀለም አልነካው፣ ጣውላው እንደተነቀለ ጥለውት የሄዱ ነው የሚመስለው። ያላለቀ ቤት ለማየት ቅዳሜያቸውን የሚያቃጥሉ ሰዎች ብዬ ሳቅሁ። ሚስ ኬይኮ ሰምተውኝ ኖሮ፣ ዝግ ባለ እንግሊዝኛቸው “እጅህን አሳርፍበት” አሉኝ። አሳረፍኩ። ወዳጄ፣ ሐር ነው። አንድ የአየር ቀዳዳ የለበትም፣ ጣውላና ጣውላ የተገናኙበት መስመር ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ፀጉር አይዛነፍም። እኛ አርማታ ስናፈስ የተበላሸውን ኋላ ልስን ይሸፍነዋል ብለን ነበር የምንለቀው፣ እነዚህ ምንም የሚሸፍንላቸው እንደሌለ እያወቁ ነው ያፈሰሱት። ቀና ስል ደግሞ በጣሪያውና በግድግዳው መሀል አንድ ስንዝር ክፍተት ትተዋል፣ ከዚያ የምትገባው ብርሃን ግድግዳውን ይዛ ትወርዳለች፣ ያ ሁሉ አርማታ ክብደት የሌለው ይመስልሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫኑ ውስጥ ተቀምጬ መጠበቅ ትቼ አብሬያቸው እገባ ጀመር።

ብሩክሄቨን ያለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በአንድ ትልቅ ዛፍ ዙሪያ የተሠራ ነው፣ ዛፉን አልቆረጡትም፣ ቤቱን ነው ያጎበጡለት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ መጽሐፍ የሞላበት ቤት ስገባ እስካሁን ሌባ የመሰልኩ ይመስለኛል፣ እዚያ ግን ወንበሩ ሁሉ ፊቱን ወደ ዛፉ ነው፣ ማንም ማንንም አያይም፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ስቀመጥ የኖርኩ ያህል ተቀመጥኩ። ይህንን ያሰበውን ሰው ስሙን ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ፣ ለመያዝ ከበደኝ እንጂ መርቄዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። ሚስ ኬይኮ የስም ዝርዝር ይሰጡኛል፣ የእንግሊዝኛ ስም ማንበብ ግን አሁንም ላብ በላብ ያደርገኛል፣ ስለዚህ ሰው የምቆጥረው በዕቃ ነው። የግንባታ ሳይት ላይም እንደዚያው ነበርኩ፣ ማታ ስንበተን ተቆጣጣሪው ስም ሲጠራ እኔ የምቆጥረው አካፋ ነበር፣ አንድ አካፋ ከጎደለ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቀርቷል። ጋሽ ተሾመም የማያወላውል ሕግ ነበረው፣ አንድ ሹፌር አንዲት አሮጊት ረስቶ ከሄደ ወዲህ፣ ቁጥር ሳይሞላ ቫን ንቅንቅ አይልም። እኔ ይህን ሕግ አክብሬ ነው የተባረርኩት፣ ይህን ያዝልኝ።

ሮዝዌል የሄድነው በኦገስት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ። ቤቱን አንድ ጃፓናዊ ለአንድ ሐኪም የሠራው ነው፣ ሐኪሙ ሞቷል፣ አሁን ጎብኚ ብቻ ነው የሚገባበት። ጠባቂው ከፍቶልን፣ ቁልፉን ለሚስ ኬይኮ ሰጥቶ ሄደ። በሩን ከፍተህ ስትገባ ዝቅ ያለ የድንጋይ ወለል አለ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ እንጨቱ ይጀምራል፣ ጫማ የሚወልቀው ድንጋዩ ላይ ነው። ጫማ አውልቆ መግባት ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፣ እኔን የገረመኝ፣ ከወለቀ በኋላ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ማሰለፍ ነው፣ የሚወጣው ሰው እግሩን ሰተት እንዲያደርግ፣ ይህን ሚስ ኬይኮ አስተምረውኝ ሥራዬ አድርጌዋለሁ። አሰለፍኩ፣ ቆጠርኩ፣ ከራሳቸው ጋር አሥራ አንድ ጥንድ፣ ሁሉም በዝናብ የራሰ። አንዲት ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴትዮ ሰልፉን ወድዳው በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ገቡ። የዚያን ቀን ወገቤን አሞኝ ስለነበር እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ጋዜጣዬን ዘረጋሁ።

ሁሉም ፎቅ ወጥተዋል፣ ድምፃቸው ከላይ ይሰማኛል። ከዚያ ከኋላዬ፣ ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ሰው በካልሲ ሲራመድ ሰማሁ። ሦስት እርምጃ፣ ቆም፣ ደግሞ ሦስት እርምጃ፣ ቆም፣ ቤት የሚያይ ሰው አካሄድ ነው። እዚህ ጀርባዬ ላይ ደርሶ ቆመ። መጸዳጃ ቤት የሚፈልግ መስሎኝ ዞር ሳልል “በግራ በኩል ነው” አልኩ። ዞርኩ፣ ማንም የለም። ፊቴን ስመልስ በሰልፉ መጨረሻ አሥራ ሁለተኛ ጥንድ ጫማ ተቀምጧል።

የወንድ ነው፣ ጥቁር ቆዳ፣ ትንሽ፣ ተረከዙ በውጭ በኩል ያለቀ፣ አፍንጫው ወደ ቤቱ የዞረ። ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። ውጭ እንደዚያ እየዘነበ ደረቅ። በሩ ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው፣ ተንሸራታች ነው፣ ሲከፈት ድምፅ ያሰማል፣ አልተከፈተም። ያን ጊዜ እንኳን ሌላ ነገር አላሰብኩም፣ ቆጠራ ተሳሳትኩ ነው ያልኩት።

ወረዱ። ባለ ቀይ ካፖርቷ ሴትዮ ቀድማ ደርሳ ሰልፉን ደግማ ፎቶ አነሳች፣ ሁሉም እየተጫሙ ወጥተው ቫን ውስጥ ገቡ፣ ጥቁሩ ጫማ ቀረ።

“አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል” አልኳቸው ሚስ ኬይኮን።

“ሁላችንም አለን፣ ሚስተር ደምሴ።”

ጫማውን በእጄ አሳየኋቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ጫማውን በሁለት እጃቸው አንስተው አፍንጫውን ወደ በሩ አዞሩት።

“ምን ማድረግዎ ነው?”

“መውጣት ሲፈልግ እንዲመቸው።”

ማን ብዬ ስጠይቃቸው አላውቅም አሉ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ቫኑ ሄዱ። እኔ ግን ሰው ጥዬ አልሄድም፣ አንድ ሽማግሌ ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ፎቁን አየሁ፣ ባዶ ነው። ምድር ቤት ወርጄ ያን ኮሪደር ያዝኩ። ኮሪደሩ ቀጥ አይልም፣ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ መስኮቱ ከጉልበትህ በታች ነው፣ የሚታይህ የርጥብ ሣርና የድንጋይ እግር ብቻ ነው፣ ሆን ብሎ ነው አርክቴክቱ፣ አንገትህን ደፍተህ ቀስ እያልክ እንድትሄድ ነው ያደረገህ። መጨረሻው አንዲት በጣም ትንሽ ክፍል ናት፣ ወለሏ የተጎነጎነ ሣር ምንጣፍ፣ ወንበር የለ፣ ሥዕል የለ፣ ምንም። መሀሏ ላይ ስቆም አንድ ሰው የሚቀመጥባት ያህል ቦታ በካልሲዬ ውስጥ ሞቀችኝ። ዙሪያዋን ረገጥኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ተመለስኩባት፣ ሙቅ ነው። “ሰው አለ?” አልኩ፣ በአማርኛ ነው የወጣኝ።

ወደ በሩ ስመለስ ጥቁሩ ጫማ የለም። ሮጬ ወጣሁ፣ ቫኑ በሩ አጠገብ ነው የቆመው፣ የወጣ ሰው አለ ወይ ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፣ አንተ ብቻ ነህ አሉኝ። እንዲህ ስል እንዲያ ስል አንድ ሰዓት አቆምኳቸው፣ አንደኛዋ ባሏን ከሆስፒታል የምታወጣበት ሰዓት አለፈባት፣ ጋሽ ተሾመ ጋ ደወለች። እኔም ደወልኩ።

“ቁጥሩ ሞልቷል?” አለኝ።

“ሞልቷል፣ ግን አንድ ጫማ ተርፎ ነበር።”

“ጫማው የታለ?”

“የለም።”

“ደምሴ፣ ጠጥተሃል እንዴ?”

አስነሳሁት። አራት መቶ ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዤ ወደ ሳንዲ ስፕሪንግስ ስወርድ ያ የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ቲን ቲን ማለት ጀመረ፣ ከፊት፣ ከጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ነው፣ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚጮኸው። ቦርሳ የለበትም፣ ጋዜጣ እንኳ የለበትም። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው ልትለኝ ነው፣ እኔም እንደዚያው ብያለሁ። መንገዱን ሙሉ ጮኸ። መጨረሻ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡት ሚስ ኬይኮ እጃቸውን አሻግረው የባዶውን ወንበር ቀበቶ ሳቡና አሰሩት። ጸጥ አለ።

ሰኞ ጋሽ ተሾመ ጠርቶ ሲጠይቀኝ፣ ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት፣ መዋሸት ነበረብኝ፣ አሁን ነው የገባኝ። “ወንድም ደምሴ፣ ይሄ የሥራ ጉዳይ አይደለም፣ የመንፈስ ጉዳይ ነው፣ ቁልፉን አስቀምጥ” አለኝ። የእሑዱን ነግሬሃለሁ። ከዚያ በኋላ የኛ ሰው ሥራ አልሰጠኝም፣ ቫን ያላቸው ሁሉ ወሬው ደርሷቸዋል፣ አንዱማ በስልክ “ጋሼ፣ ተሳፋሪ ይዘው ነው የሚመጡት ወይስ ብቻዎን?” ብሎ ቀለደብኝ። እሱ አይደለም ያንገበገበኝ፣ ሙሉ ናት። ትራሴ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ ታደርግ ጀመር፣ ጎረበጠኝ፣ ተኛሁበት። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ቀና ሳትል፣ “ደሙ፣ ጠጥተህ ነበር በለኝ፣ ይቅር እልሃለሁ” አለችኝ። አልጠጣሁም አልኳት። ሳህኗን አንስታ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሴት ፈራችኝ።

ሚስ ኬይኮ በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ሹፌር ሲመጣባቸው የኔን ነገር ጠየቁ፣ ለምን እንደተባረርኩ ሲሰሙ ባለ ቀይ ካፖርቷን ሴትዮ ይዘው ጋሽ ተሾመ ቢሮ ድረስ መጡ፣ እኔም ተጠራሁ። ሴትዮዋ ስልኳን አቀረበች። መጀመሪያ የተነሳው ፎቶ፣ አሥራ አንድ ጥንድ። ስንወጣ የተነሳው፣ አሥራ ሁለት፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩ፣ ደረቁ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ። ጋሽ ተሾመ በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ ስልኩን ዓይኑ ሥር አድርጎ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ።

አላነሳሁትም። “ያዋረዱኝ በጉባኤ ፊት ነው፣ በጉባኤ ፊት ይመልሱልኝ” አልኩት።

እሑድ መድረክ ላይ ወጣ። ሙሉ ጎኔ ናት። ይቅርታ ሲጠይቀኝ እንዴት አድርጌ እንደማየው ስንት ሌሊት አጥንቻለሁ መሰለህ፣ አንገቴን ቀና፣ ፊቴን ኮስተር። ማይኩን ያዘና “ወንድም ደምሴ ላይ ምንም ነገር የለበትም፣ በድዬዋለሁ” አለ፣ ልቤ ረካ፣ እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። “ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ፣” አለ፣ “ያየው ነገር ነበረ።”

አሜን ያለ ሰው የለም። ሙሉ እጄን ፈልጋ ያዘችው፣ መዳፏ በረዶ ሆኗል፣ የምታየው ግን እኔን አይደለም፣ ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ወዳጄ። ጋኔን አለበት ሲሉኝ የታመምኩ እኔ ነበርኩ፣ ነገሩ እኔው ጋ ያልቅ ነበር። አሁን እኔ ጤነኛ ነኝ፣ በሰው ፊት ተመስክሮልኛል፣ ስሜ ተመልሶልኛል፣ ሥራዬም ተመልሶልኛል፣ ባለ ጥቁር ጫማው ሰውዬ ግን ከኔ ጋር ሮዝዌልን ለቆ ወጥቷል፣ የት እንደወረደ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላውቅም። ጉዳዩ የተዘጋው እንደዚህ ነው፣ እሑድ፣ ኦክቶበር 9፣ 2016።