በጣት ብቻ የጠበቀ ብሎን

ጥላዬ ሐሙስ ቀን ሼፈርድስ ቡሽ በሚገኘው ፍላቱ፣ ጥይት በሚሞላባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በጀርባው ተዘርሯል፤ ማጅራቱን የመታው የጠመንጃ ማስቀመጫው የብረት ሳጥን ጠርዝ ደም ይዟል። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቀለህ ላይ አቀጣጣይ የሚተክለው ባለእጀታ መሣሪያ፣ መትከያው፣ በመስኮቱ በኩል ታስሯል። አጠገቡ ባዶ ቀለሆች ተደርድረዋል፤ ምስር የሚያካክሉት አቀጣጣዮች ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

«ደም ግፊት ነበረበት» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «እየሠራ አዙሮት ወድቋል።»

ሳጅን ዊጅዳን ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ከሐበሻ ወላጆች ዋይት ሲቲ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከወሬ ይልቅ ዕቃ ማየት የሚቀናት ሴት ነበረች። የመትከያውን እጀታ በጓንቷ ጫን ስታደርገው መሣሪያው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተነቃነቀ። ብሎኖቹ የጠበቁት በጣት ብቻ ነው። የመፍቻዎቹ መሳቢያ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከሟቹ ኪስ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ በስቱኮ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አየች። ስቱኮው ገና አዲስ ነው።

ክፍሉን አሳሸገችና የሟቹን ሚስት ፀሐይወርቅን አነጋገረች።

«ጥይት ሲሞላ እኔንም አያስገባኝም ነበር። ሐሳቤ ይበተናል ይላል። ከሱቅ ስመለስ ወድቆ አየሁት፤ ጮኼ ወጣሁ። ሌላ ያየሁት የለም።»

ልጁ ዳናዊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። «መትከያውን እኮ ማክሰኞ ነቅሎ ካርቶን ውስጥ ከቶታል» አለች። «ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝበትን ሞርሳም ከመስኮቱ ሥር ፈታው። ስቱኮውን የገዛሁለት እኔ ነኝ። "ኋይ ዳዲ?" ስለው "በቃኝ" አለኝ፤ ዛትስ ኢት።»

ሦስተኛው ብዙነህ ነበር፤ የክላፋም ነዋሪ፣ የአውቶቡስ ሹፌር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከጥላዬ ጋር አብሮ የተሰደደ፣ በኢላማ ተኩስ ክለብም ጓደኛው ነው።

«ቤቱን ከረገጥኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ስንቴ ነገርኩት፣ ልጄ! መትከያውን መስኮት ሥር አስረህ አትሥራ፣ ፀሐዩ ያዞርሃል እያልኩ።»

ዊጅዳን ቃል በቃል ጻፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መትከያውን ጋሽ ጥላዬ ያሰሩት ቢሆን በመፍቻ ያጠብቁት ነበር» ብላ ጀመረች። «ቁልፉ ኪሳቸው ነው። ያሰረው ሰው ግን የወደቀ ሰው ኪስ እጁን መክተት አልደፈረም። ጥይት ሲሞሉ ሰው እንደማያስገቡ ያውቃል፤ ብቻቸውን ሳሉ ሞቱ እንዲባል ፈለገ።»

«ማነው እሱ?» አለች ፀሐይወርቅ።

«መትከያው ለዓመታት የነበረው ግድግዳው ጋ ነው። ያ ቀዳዳ ስለተደፈነ ሰውየው ከካርቶን አውጥቶ መስኮት ሥር ባለው የሞርሳው ቀዳዳ አሰረው። መትከያው መስኮት ሥር የታሰረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐሙስ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ታሽጓል። ጋሽ ብዙነህ፣ እርስዎ መስኮት ሥር መቼ አዩት?»

ብዙነህ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ገነፈለ።

«ጠቆመኝ! አገር ቤት አንድ ክፍል ታስረን፣ ሲገረፍ ስሜን ያልሰጠ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ለፖሊስ ጠቆመኝ! የመሣሪያ ላይሰንሴን አስነጠቀኝ! ገፋሁት እንጂ መግደል አላሰብኩም።»

«የጠቆሙት እርስዎ ራሴን አጠፋለሁ ብለዋቸው ስለነበር ነው» አለች ዊጅዳን። «ጋሽ ጥላዬ ለፖሊስ የጻፉትን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ማክሰኞ ደግሞ የራሳቸውንም ላይሰንስ መልሰዋል። "ጓደኛዬ ቤት ተቀምጦ እኔ አልተኩስም" ብለዋል። መሣሪያውን የነቀሉት ለዚህ ነው።»

ዳናዊት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ብዙነህ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አለች ፀሐይወርቅ።

ዊጅዳን መዋሸት አማራት። «የአስከሬን መርማሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቷል ይላል።»

ሴትዮዋ ወደ ብዙነህ ዞረች። «እሱ እየተነፈሰ፣ አንተ ብሎን ታጠብቅ ነበር?»

ዊጅዳን መብቱን በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ በአማርኛም ደገመችለት። ደግፋ አስነስታ ደረጃውን ይዛው ወረደች። ፀሐይወርቅ በሩን ይዛ፣ መኪናው እስኪሄድ ድረስ የጥያቄዋን መልስ ትጠብቅ ነበር።