ከዜሮ የተነሳው ሰዓት

አራሚው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ሞተው የተገኙት፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ፣ ሻያቸው ግማሽ ድረስ ተጠጥቶ፣ ኮምፒውተራቸው እንደበራ። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከግድግዳ ጋር የሚሟገቱ ሰው ነበሩ። ግድግዳውም ቢሆን ሳይታረም አይቀርም።

ስክሪኑ ላይ አጭር ደብዳቤ አለ። «ብቸኝነቱ በቃኝ። ማንንም አልወቅስም። በሠላም ኑሩ።»

የተጠራችው ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ናት። እሷ ዘንድ ገለባ አያልፍም ለማለት ነው፤ ባል አላለፈም ብለው የሚያሾፉም አሉ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ «የልብ ክኒን ነው፤ ሻዩ ውስጥ የሟሟ። ነፍሳቸው የወጣችው ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ከአሥር አላለፈም» አላት።

ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ።

«ትናንት ከሰዓት ሦስት ጊዜ ደወለልኝ» አለች። «አላነሳሁም። የድርጅት ስልክ አንሺ ነኝ፤ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት የማላውቀውን ሰው ‹ምን ልታዘዝ› ስል ነው የምውለው። የእሱን ግን ‹ይደርሳል› አልኩ።» ቀና አለች። «ሊሰናበተኝ ነበር አይደል? እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ወንፊት፣ ሳያውቁ ማጽናናት ለተጠማ ሰው ባዶ እንስራ ማቀበል ነው ብላ ታምናለች።

ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው መምህር ሱሪውን ተኩሶ፣ መሐረቡን አጥፎ ነው የወረደው።

«ጋሼ ሰሞኑን ከፍቷቸው ነበር» አለ። «ኮምፒውተሩ ተዘግቶባቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የለፉበት የቃላት መዝገብ ውስጡ ነው። ገና ሲበራ የሚጠይቅ የይለፍ ቃል አስገብተው፣ እሱኑ ረሱት። ከሌባ የደበቁት ቁልፍ ለራሳቸው ጠፋ።»

«ታዲያ ደብዳቤውን በምን ከፍተው ጻፉት?»

«ትዝ ብሏቸው ይሆናላ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ገብቼ ሰላም አልኳቸውና ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ደረጃውን አልወረድኩም፤ ፈተና ሳርም ነበር።»

«ብቻዎን?»

«ከማን ጋር ልሆን? እዚህ ቤት ሁሉም ብቻውን ነው።»

ይህቺን እንኳ ወንፊትም አልካደችም። እሷም ቤት ስልክ የሚጮኸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የኮምፒውተሩን ሣጥን አየች። አቧራው ላይ የጣት አሻራ አለ፤ የጎን ክዳኑን የያዘው ብሎን ደግሞ አናቱ ተበልቷል፣ በቢላዋ እንደተፈታ። ከምድር ቤቱ ሱቅ የኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠራችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን እየፈለገ ገባ።

«ክፈትልኝ። እኔ የማየው መጀመሪያ የሚነቃውን ክፍል ነው።»

«ባዮሱን ነዋ።» አጥፍቶ አበራው፤ ሲነሳም አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ ነካ ነካ አደረጋት። ሰማያዊ ገጽ መጣ። «ይገርማል፤ የይለፍ ቃሉ የለም። ቀኑን ይዩልኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።»

ወንፊት ቀኑን ትታ ሰዓቱን አየች። 17:00 ይላል። የእጇ ሰዓት ከጠዋቱ አራት ነው።

«ይህን መክፈቻ መንገድ ለማን ነግረሃል?»

«ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ፣ ለጋሼ። መምህሩም ነበሩ። ‹ውስጡ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ነቅሎ አሥር ደቂቃ አቆይቶ መመለስ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ይረሳዋል› አልኳቸው። ጋሼ ‹ሥራዬንም ቢረሳውስ?› ብለው እምቢ አሉ። አይረሳውም ብል ማን ሰምቶኝ።»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሱቄ። ሦስት ደንበኛ ቆሞ ሲሰድበኝ። ይጠይቋቸው፤ ስድቡን አይረሱትም።»

ጠየቀቻቸው፤ አልረሱትም። የልጅቷ መሥሪያ ቤትም እስከ ማታ ድረስ ያነሳቻቸውን ጥሪዎች አንድ በአንድ ቆጠረላት። ቀትር ላይ ሁሉንም ከአራሚው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የአባቷ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ባትሪዋ ስትነቀል ማሽኑ የይለፍ ቃሉን ብቻ አይደለም የሚረሳው» አለች ወንፊት። «ቀኑንም ይረሳል። ስትመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሳየው ከተነሳ አሥራ ሰባት ሰዓት ሆኖት ነበር። ወደ ኋላ ብንቆጥር ባትሪዋ የተመለሰችው ትናንት ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ደብዳቤው ደግሞ፣ ማሽኑ ራሱ እንደመዘገበው፣ ከዚያ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ የተቀመጠ ነው። ሐኪሙ ሰውየው ከአሥር ሰዓት አላለፉም ይላል። ሬሳ ደብዳቤ አይጽፍም።»

ወንፊት ወደ ጠጋኙ ጠቆመች።

«ዘዴውን በሕይወት ካሉት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጠጋኙ ሱቁ ነበር። ባይኖርም እንኳ እሱ ብሎን በቢላዋ አይፈታም፤ ቀኑንም ሳያስተካክል አይነሳም።»

«ይህማ ሀሁ ነው» አለ ጠጋኙ። «እሱን ግን ያን ቀን አልነገርኳቸውም፤ ነገሩ እምቢታ ላይ ቆመ።»

«ግማሽ ትምህርት የቀሰመ ሰው ነው እንግዲህ» አለችና ወደ መምህሩ ዞረች። «ደግሞ ‹በሠላም ኑሩ› ይላል፤ በንጉሡ ‹ሠ›። እኒህ ሰው ሰላምን በእሳቱ ‹ሰ› ያልጻፈን ሰው ደጃቸውን አያስረግጡም ነበር አሉ።»

መምህሩ መሐረቡን ዘረጋ፤ መልሶ አጠፈው።

«አሥር ዓመት ተከራክረንበታል» አለ ቀስ ብሎ። «በዚያች ፊደል። ማታ ማታ እየወረድኩ ግማሹን መዝገብ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ስሜ ሽፋኑ ላይ ይግባ ብል፣ ‹ምስጋናው ላይ አንዲት መስመር አለችህ› አሉኝ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ቆለፉብኝ። ሌባው እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ክኒኑን ሻያቸው ውስጥ የጨመርኩት ስምንት ሰዓት ላይ ስገባ ነው። ሌላ የምወርድበት ቤት አልነበረኝም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ እንዳለች ነበረች።

«አልተሰናበተኝም እንግዲህ» አለች። «ታዲያ ለምን ሦስት ጊዜ ደወለ?»

ወንፊት ጠጋኙን ተመለከተችው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሱቄ ብቅ ብለው ነበር» አለ። «‹ባትሪ የሚያስነቅል የለም፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣነው ከልጄ ጋር ነው፤ ደውዬ እጠይቃታለሁ› አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለመደወል ምክንያት ያገኙ መሰለኝ።»

«አየሽ» አለች ወንፊት። «ሊጠይቅሽ እንጂ ሊሰናበትሽ አልነበረም።»

ልጅቷ ብዙ አሰበች። ከንፈሯ አንድ ሁለቴ የይለፍ ቃሉን ሊጀምር ተንቀሳቅሶ ቆመ።

«ባነሳውም አልጠቅመውም ነበር» አለች። «እኔም ረስቼዋለሁ።»