የቅዳሜው ጅራት

ጥብቅ ደኑ ከከተማው አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ለሕዝብ ይከፈታል። ሳምንቱን ሙሉ አስፋልትና ግድግዳ ሲያይ የከረመ ሰው ልጁን እየጎተተ ይመጣል። ወፍ ለማየት ነው የሚመጣው፤ አብዛኛው ግን ወፏን ሳያይ ስለ ወፏ አውርቶ ይመለሳል። ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

ሕዝቡን የምታስጎበኘው ወጣት ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ሕግ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ሕጉም ቀላል ነው። እሷ ከፊት ትመራለች፤ ከጎብኚዎቹ አንዱ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል፤ እሱን «ጅራት» ይሉታል። ከጅራቱ ኋላ ማንም አይቀርም። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር እሷ ዞር ትላለች። ጅራቱ እጁን ካነሣ ሁሉም አለ ማለት ነው፣ ጉዞው ይቀጥላል። ካላነሣ ሰልፉ ይቆማል፤ እሷም ምን እንደተፈጠረ ለማየት ወደ ኋላ ትመለሳለች።

የቅዳሜው ጅራት ሊፍት ጠጋኝ ነው። ኑሮው በፎቅና በፎቅ መካከል፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከገመድና ከቅባት ጋር ነው። አንድ ቅዳሜ ንፋስ ልቀበል ብሎ መጣ። ቁመቱ ከሰው ሁሉ በላይ ነበርና ገና ስታየው፣

«አንተ ረጅሙ፣ ጅራት ትሆንልኛለህ?» አለችው።

«የምን እንስሳ?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሕጉን አስረዳችው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መሪና ጅራት ጎን ለጎን አይሄዱም፤ በመካከላቸው ያ ሁሉ ሕዝብ አለ። ጉዞው ሲያልቅ ደግሞ እሷን ልጆች በጥያቄ ይከቧታል፣ እሱን ስልኩ ይጠራዋል፤ የሆነ ሕንፃ ላይ ሰው ሊፍት ውስጥ ተይዞ እየጮኸ ነው። ስለዚህ የነበራቸው መታጠፊያው ብቻ ነበር። እሷ ዞር ትላለች፣ እሱ እጁን ያነሣል፣ ይተያያሉ። መጀመሪያ ላይ አየት አድርጋ ትመለስ ነበር። ኋላ ኋላ ግን አንድ እጅ ለማየት የማያስፈልግ ጊዜ መፍጀት ጀመረች። አንድ ቀን ድፍረት አገኘና እጁን እንዳነሣ ጣቶቹን አወዛወዘላት፤ እሷ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ የወፎቹን ስም ስታቀላቅል ዋለች።

ይወዳት ነበር። አፍ አውጥቶ ግን አልነገራትም። «የተማረች ልጅ ናት፤ ቅባት የጠገበ እጅ ምን ያደርግላታል?» እያለ ራሱን በራሱ ያሸንፋል።

በዚህ መሀል ያ ቅዳሜ መጣ። አንድ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ገና ከበሩ ጀምሮ ከጎኗ አልለይ አለ። «ይህ ዛፍ ሰው ላይ ቢወድቅ ኃላፊው ማነው?» እያለ ይጠይቃታል። ጅራቱ ከሩቅ አይቶ አልወደደውም። ከዚያ አንዲት እናት፣ መጀመሪያ ከፊት የነበሩ፣ ሰው ሁሉ እያለፋቸው ቀስ በቀስ እሱ ዘንድ ደረሱ። ጉልበታቸውን ይይዛሉ።

«እለፈኝ ልጄ፣ እኔ አዝጋሚ ነኝ።»

«አልችልም እማማ። ከእርስዎ ኋላ መሄድ ነው ሥራዬ።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ትጠቀማለህ?»

ይህን ጊዜ መታጠፊያው ደረሰ። ከፊት እሷ ዞር አለች፤ እሱ እጁን አነሣ። ፊቱ እንደበራ አልታወቀውም። እናት ግን አዩ።

«መሪዋ የእኔ ልጅ ናት» አሉ መንገዱን ሲቀጥሉ። «ዛፍ ልታገቢ ነው ወይ እያልኩ ስጨቀጭቃት እኖራለሁ። ያ ነጭ ጫማ ያደረገው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ አክስቷ ያመጣችው። ዛሬ እንዲተያዩ ነው የመጣነው። ነገ ለቤተሰቦቹ መልስ እንሰጣለን።»

ክው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰልፉን ጥሎ በመጣበት ይመለስ ነበር። እሱ ግን ምን ያድርግ፣ ጅራት ነው። ከመንገዱ ዳር ቀጥ ያለ እንጨት አንሥቶ ቅርንጫፉን መለመለና ምርኩዝ ሰጣቸው፤ በሌላው ጎናቸው ክንዱን አስያዛቸው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ሊፍት እጠግናለሁ። የተያዘ ሰውም አወጣለሁ።»

«እነሱስ ምን ይሉሃል? ቶሎ አውጣን ነው?»

«አይሉም። መጀመሪያ የሚፈልጉት መውጣት አይደለም፣ ከውጭ የሚያናግራቸው ሰው ነው። አለሁ፣ የትም አልሄድም እላቸዋለሁ። ከዚያ ይረጋጋሉ።»

እናት ክንዱን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ልጅቷ ዞር አለች። እጁ ተነሣ፤ ግን እስከ ትከሻው ብቻ። እሷም ፊቷን አልመለሰችም፣ ቆማ ታየዋለች። ነጭ ጫማው በጎኗ ያወራል፣ የሚሰማው የለም። እናት አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ረጅሙን ሰው አዩ። ምራቃቸውን የዋጡ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው ይህን ማንበብ ሥራ አልነበረም።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እጁን ሊያነሣ ሲል አንጓውን ጥርቅም አድርገው ያዙት።

«ተው፣ አታንሳ።»

«አመመዎት እማማ?»

«ምንም አልሆንኩ። አመጣጧን ልይ ብዬ ነው።»

ሰልፉ ቆመ። ልጅቷ መጀመሪያ በእርጋታ መጣች። ከዚያ ፈጠን አለች። ከዚያ ያቺ ልጆችን «ደን ውስጥ አይሮጥም» የምትል ሴት፣ ባርኔጣዋ ወድቆ ሳታነሣው፣ ሰው እየገፈተረች መሮጥ ጀመረች። ደርሳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣

«ምን ሆንክብኝ?» አለችው።

«እኔም አለሁ» አሉ እናት ከጎኑ። «ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ጠያቂ ባገኝ።»

ልጅቷ እናቷን ያየቻቸው ያኔ ገና ነው። ፊቷ ቀላ።

«እማዬ...»

«ሌላ ሰው አለ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ያለኝ እኮ እጅ ብቻ ነበር።»

እናት ወደ እሱ ዞሩ። «አንተስ? የተያዘ ሰው አናግራለሁ ስትለኝ አልነበረም?»

እዚህ ላይ እጁ አይረዳውም፤ አፉን መክፈት ነበረበት።

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ እወድሻለሁ» አላት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ አንድ ወፍ አላየሁም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«እኔ ደግሞ ከኋላ ሆነህ ይሰማሃል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጮኻለሁ» አለችና ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። ቅባት የጠገበውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ያ እጅ ምን እንደሚያደርግላት አሁን ገባው።

ነጭ ጫማው ምን ነካት ብሎ ተከትሏት መጥቶ ነበር። የተያያዙትን እጆች አየ፤ ጨዋ ሰው ነውና ባርኔጣዋን አንሥቶ አቧራውን እያራገፈ ሰጣት።

«ለዚህኛው አደጋ እኛ ዘንድ ኢንሹራንስ የለም» አለ። ፈገግታው ትንሽ ቅር ያለው ነበር፣ ግን ፈገግታ ነው። ከዚያም ዛፍ ላይ ጦጣ ወዳዩት ልጆች ሄደ።

«አክስትሽን ለእኔ ተዪያት» አሉ እናት። «በሉ አሁን ወደ ፊት ሂዱ፣ ሰው ቆሟል። ሁለታችሁም።»

«ጅራቱስ?» አላቸው።

«እኔ አለሁ።»

«እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ?»

«በዚህ ጉልበቴ ነዋ። ከእኔ የሚዘገይ ሰው ከየት ታመጫለሽ?»

ሁለቱ ሕዝቡን አልፈው ከፊት ወጡ። ጎን ለጎን ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነበርና እርምጃቸው አልገጥም ብሎ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። ግንደ ቆርቁር አሳየችው፤ አየሁ አላት፣ አላየም።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ እኩል ዞር አሉ። ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ፣ እናት ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል።